ዕድሜያቸው የገፋ ታማሚዎችን ቤት ስንጎበኝ ከምን እንጀምር? (ማስታገሻ ሕክምና በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋም)

መቅረዝ7 (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ማስታገሻ ሕክምና (የከባድ ሕመምተኛን ሥቃይ ስለሚያቀልለው ክብካቤ) የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ካንሰርና ስለ ሆስፒታል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ይህ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው አዋቂዎች የካንሰር ታማሚዎች ሲሶ ገደማ ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ የልብ ድካም፣ የከረመ የሳንባ ሕመም፣ የኩላሊት ወይም የመርሳት ሕመም ይዟቸው ቤት የተቀመጡ ናቸው። እነዚህ በእኛ እጅ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ከእኛ የሚያገኙት ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒት ማደስ ብቻ ነው።

ለመለየት የምንጠቀምበት ጥያቄ ቀላል ነው፦ «እኚህ ሰው በሚመጣው 12 ወር ውስጥ ቢያርፉ ይገርመኛል?» መልሱ «አይገርመኝም» ከሆነ ስማቸው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ጥያቄው ትንቢት አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ይስታል። ጥቅሙ ሰውየውን በሌላ ዓይን እንድናይ ማድረጉ ነው።

የእኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ለአንድ ጉብኝት 30 ደቂቃ አለን እንበል። የተለመደው ግፊት ለክቶ፣ ስኳር ለክቶ፣ «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብሎ፣ ክኒን ሰጥቶ መሄድ ነው። አረጋውያን ለቁጥር ጥያቄ «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ማደራቸው የሚሰማው አስታማሚዋ በር ድረስ ስትሸኝ ነው። እኔ የማስበው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ተቹት፦

መጀመሪያ «ከትናንት ወዲህ ከሁሉ በላይ ያስቸገረዎት ምንድን ነው?»። ቀጥሎ አፍ፣ ሆድና ቆዳን በዓይንም በእጅም ማየት። ከዚያ የመድኃኒት ከረጢቱን መዘርገፍ። መጨረሻ ላይ አስታማሚን ብቻዋን ለ5 ደቂቃ ማነጋገር። ግፊትና ስኳር የሚለኩት ውጤቱ የምናደርገውን የሚቀይር ከሆነ ብቻ ነው።

---

ብልቃጥና_ሚዛን

የመድኃኒት ከረጢቱን በቅደም ተከተሉ ወደ ላይ ያምጡት። ብዙው «አዲስ ምልክት» የመድኃኒት ሥራ ነው። ማዞር፣ አፍ መድረቅ፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ ግራ መጋባት፣ ምግብ መጥላት ሲሰማ አዲስ ክኒን ከመጨመር በፊት የትኛው ክኒን እንዳመጣው መጠየቅ ይቀድማል።

ሲዘረገፍ በሦስት ክምር ይለዩት።

አንደኛው ክምር ዛሬ ምቾት የሚሰጥ ነው። የልብ ድካም ላለበት ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛው ክኒን) እዚህ ይገባል፤ «ብዙ ክኒን በዛባቸው» ተብሎ እሱ ሲቆም በሳምንት ውስጥ ትንፋሽ ያጥራል።

ሁለተኛው ክምር ከዓመታት በኋላ የሚመጣን ነገር ለመከላከል የተሰጠ ነው፦ ስታቲን (የኮሌስትሮል ክኒን)፣ ቫይታሚን፣ የአጥንት መሳሳት ክኒን። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜን የሚያሳጥር ሕመም ያለባቸውን 381 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ስታቲን አስቁሟል። በ60 ቀን ውስጥ በሞት በኩል ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም፤ የኑሮ ጥራት ነጥባቸው ግን ያቆሙት ተሽሎ ተገኝቷል።

ሦስተኛው ክምር የሚጎዳው ነው። ምግብ የቀነሰ ሰው ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ክኒን) ላይ ሲቆይ፣ በተለይ ኩላሊቱ ከደከመ፣ ስኳሩ ሌሊት ይወድቃል፤ ጠዋት «ሲቃዡ አደሩ» ይባላል። በዚህ ደረጃ የስኳር ግብ ከ108 እስከ 270 ሚ.ግ./ዴሲሊትር ቢሆን በቂ ነው፤ የምንፈልገው እንዳይወድቅና ጥማትና ሽንት እንዳያበዛ ነው። ግፊትን ቁጭ ብለው ብቻ አይለኩ፤ ከቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር 20 ከወረደ ከግፊት መድኃኒቱ አንዱ መቀነስ አለበት።

ጥንቃቄ፦ አንድ በአንድ እንጂ አራት በአንድ ቀን አይቆምም፤ ነገር ቢበላሽ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ቤታ ብሎከር፣ ከ3 ሳምንት በላይ የተወሰደ ስቴሮይድ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የድብርት መድኃኒትና ዳያዚፓም በድንገት አይቆሙም።

ሲነግሯቸውም «ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም» አይበሉ፤ ተስፋ የተቆረጠባቸው ይመስላቸዋል። «ይህ ክኒን የተሰጠዎ ከዓመታት በኋላ የሚመጣን ነገር ለመከላከል ነበር፤ አሁን ሆድዎን ከማስቸገር በቀር ሥራ የለውም» ቢባል ይገባቸዋል።

---

እህተ_ሌሊት

ከረጢቱ ይቅደም አይቅደም አልጣላም። እኔ የምጣላው «ሆድ» የሚለው በአንድ ቃል በመታለፉ ነው። በዚህ ዕድሜ የሆድ ድርቀት ያልታየ ሕመም፣ ያልታየ መቃዠት፣ ያልታየ የሽንት መታገድ ማለት ነው።

«ሆድዎ ይሠራል?» ብለው አይጠይቁ፤ «አዎ» ይላሉ። «መጨረሻ የወጣው መቼ ነው? እንደ ጠጠር ነው ወይስ ለስላሳ? ማማጥ አለ?» ይበሉ። 3 ቀን ካለፈ ጓንት አድርጎ በጣት ማየት ግዴታ ነው። ይህን መዝለል የሚያመጣው ስሕተት የታወቀ ነው፦ ደረቁ ሰገራ መንገዱን ዘግቶ ከጎኑ ቀጭን ፈሳሽ ያመልጣል፣ ቤተሰብ «ተቅማጥ ያዛቸው» ይላል፣ አንድ ሰው ሎፔራማይድ (ተቅማጥ ማቆሚያ) ይሰጣል፤ ይብስበታል።

ፊንጢጣው በደረቅ ሰገራ ከሞላ የግሊሰሪን ሻማ (ሰፖዚተሪ) ሰገራው ውስጥ ይገባል፣ እንዲያለሰልሰው። የቢሳኮዲል ሻማ ግን የአንጀቱን ግድግዳ መንካት አለበት፤ ሰገራ ውስጥ ከተሰነቀረ ምንም አይሠራም። ይህችን ትንሽ ነገር የሚያስተምር የለም፣ «ሻማው አልሠራም» የሚባለው ግን በአብዛኛው በዚህ ነው።

ሞርፊን ወይም ትራማዶል የተጀመረለት ሰው የዚያኑ ቀን ማታ ቢሳኮዲል 5 ሚ.ግ. ወይም ሴና ይጀምር፤ በ2 ቀን ካልሠራ እጥፍ ይደረግ። ድርቀቱ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ከማቅለሽለሹ በተለየ ሰውነት ይህን አይለምደውም። ገለባ ነክ ማለስለሻ ውሃ ለማይጠጣ ሰው አይሰጥም፤ አንጀት ውስጥ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ሆዱ ተነፍቶ የሚቆርጠው፣ የሚያስመልሰውና ጋዝ ያቆመ ሰው ካለ ደግሞ ማለስለሻው ይቆይና የአንጀት መዘጋት እንዳይሆን ይታሰብ።

ከመድኃኒት ውጭ ደግሞ ከቁርስ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እግራቸው ሥር መርገጫ ተደርጎ፣ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ብሎ ማስቀመጥ ነው። በአልጋ ላይ ተኝቶ ማማጥ ለማንም ከባድ ነው።

---

ጀማሪ_መኮንን

ሲስተር፣ ስለ ሞርፊን ካነሱ ልጠይቅ። የ80 ዓመት ሰው፣ ክብደታቸው 45 ኪሎ፣ ኩላሊታቸው ደከም ያለ፣ ሕመማቸው በፓራሲታሞል አልቀነሰም። የሞርፊን ሽሮፕ አለ። በስንት ይጀመራል? ብዙዎቻችን ትራማዶል ላይ የምንቆየው ከፍርሃት ነው።

---

የቀስታ_ጠብታ

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን የሚያስፈራው መድኃኒቱ ሳይሆን አጻጻፉ ነው። ከዚያ ልጀምር።

የሞርፊን ፈሳሽ በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል፦ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚ.ግ.፣ 2 ሚ.ግ.፣ እስከ 20 ሚ.ግ. ድረስ። «2.5 ሚሊ ስጡ» ብለው ከጻፉ፣ እንደ ጠርሙሱ ሰውየው 2.5 ወይም 5 ወይም 50 ሚ.ግ. ይወስዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱም ይጻፉ፦ «2.5 ሚ.ግ. = ከዚህ ጠርሙስ 2.5 ሚሊ»። በማንኪያ ሳይሆን በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ይለካ፤ ልኩ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት። አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር ጥንካሬው ዳግም ይነበብ።

መጠኑ፦ ለደካማ አረጋዊ 2.5 ሚ.ግ. በአፍ በየ4 ሰዓቱ። ኩላሊቱ ከደከመ ያው 2.5 ሚ.ግ. በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ፤ ምክንያቱም ሞርፊን ተፈጭቶ የሚወጣው ቅሪት ራሱ የሚሠራ ነው፣ የሚወጣውም በኩላሊት ነው። በጣም የደከመ ኩላሊት ላይ ቢቻል ሌላ መድኃኒት ይመረጥ።

በመካከል ለሚመጣ ሕመም ተጨማሪው የ24 ሰዓቱ ድምር አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። ለምሳሌ በየ4 ሰዓቱ 2.5 ለሚወስድ ድምሩ 15፣ ተጨማሪው 2.5 ሚ.ግ. ነው። በማግስቱ ይቆጠር፦ 3 ተጨማሪ ከተወሰደ 15 + 7.5 = 22.5፤ ለ6 ሲካፈል 3.75። አዲሱ መደበኛ መጠን ወደ 3.5 ይወርዳል እንጂ ወደ 5 አይዘልም።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው፦ ተጨማሪው የተወሰደው ገላ ሲታጠቡ ወይም ቁስል ሲጠረግ ብቻ ከሆነ ወደ መደበኛው አይደመርም። ሲደመር ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይውላል፣ ሲታጠብ ግን አሁንም ያመዋል። የዚያ መፍትሔ ከመታጠቡ 30 ደቂቃ ቀድሞ መስጠት ነው።

ማቅለሽለሽ በመጀመሪያው ሳምንት ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይቆማል። ሜቶክሎፕራሚድ ለጥቂት ቀን ይረዳል፣ ፓርኪንሰን ላለበት ግን አይሰጥም። ቤተሰብ ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው፤ አለበለዚያ «መድኃኒቱ አልተስማማቸውም» ብሎ ጠርሙሱን ያስቀምጠዋል።

በዝቷል የሚባለው መቼ ነው? በቀላሉ የማይነቃ እንቅልፍ፣ ሲተኙ የክንድና የእግር ብርግግ ማለት፣ በአየር ላይ ነገር ለመያዝ መሞከር። የዓይን ብሌን መጥበቡ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ማንኛውም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ይጠበዋል። ትንፋሽ በደቂቃ ከ8 በታች ወርዶ ሰውየው የማይነቃ ከሆነ ናሎክሶን (የሞርፊን ማርከሻ) 0.4 ሚ.ግ. በጨው ውሃ 10 ሚሊ ይሞላና 1 ሚሊ በየ2 ደቂቃው ትንፋሽ እስኪመለስ በደም ሥር ይሰጣል። ሙሉውን በአንድ ጊዜ መርጨት ሕመሙን በአንድ ጊዜ ይመልሰዋል። ናሎክሶን ቶሎ ያልቃል፣ ሞርፊኑ በተለይ በደካማ ኩላሊት ይቆያል፤ ለሰዓታት ጠብቁ።

ፓራሲታሞሉም ለ45 ኪሎ ሰው 1 ግራም 4 ጊዜ አይደለም፤ በኪሎ 15 ሚ.ግ. ይታሰብ፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃል።

---

ብልቃጥና_ሚዛን

ስለ ትራማዶል ልጨምር። «ቀላሉ» ይባላል፤ ለአረጋውያን ግን ቀላል አይደለም። የሚጥል በሽታ ያቀርባል፣ ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ማንቀጥቀጥና መቃዠት ያመጣል፣ ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል። 100 ሚ.ግ. ትራማዶል በአፍ ከ10 ሚ.ግ. ሞርፊን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ትራማዶል 50 ሚ.ግ. በየ6 ሰዓቱ የሚወስድ ሰው ሳናውቀው 20 ሚ.ግ. ሞርፊን ያህል እየወሰደ ነው፤ 15 ሚ.ግ. ሞርፊን መጀመር ከፈራን ያንንም መፍራት ነበረብን።

ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን? በልብ ድካምና በደካማ ኩላሊት ላይ አይሞከሩም።

---

እህተ_ሌሊት

የማይናገሩትን ረሳናቸው። የመርሳት ሕመሙ የበረታ ሰው ጋ «ስንት ነው» የሚለው ጥያቄ ከንቱ ነው። አምስት ነገር ይታይ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጥ፦ አተነፋፈስ፣ ድምፅ (ማቃሰት፣ መጮህ)፣ ፊት፣ የሰውነት አቋም (ጡጫ መጨበጥ፣ ጉልበት መሰብሰብ፣ መግፋት)፣ ሲያባብሏቸው ይረጋጋሉ ወይ። ከ10 የሚሰጥ ነጥብ ነው። ዋናው ግን ተኝተው ሳሉ ሳይሆን ሲገላበጡ ማየት ነው፤ ተኝተው 0 የሆኑ ሰዎች ሲገላበጡ 6 ይሆናሉ።

«ሲታጠቡ ይማታሉ፣ ባሕርያቸው ከፋ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። የሚያረጋጋ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ለተወሰኑ ቀናት ፓራሲታሞል በሰዓቱ ተሰጥቶ ይታይ።

ድንገተኛ መቃዠትን በተመለከተ፣ የሚጮኸውን ሁሉም ያያል፤ ጸጥ ብሎ የሚያንቀላፋውን ግን ማንም አያይም። ለቤተሰብ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ከወትሮው የተለየ ነገር አለባቸው?» አዎ ካሉ ታማሚው የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ይጠየቁ። ካልቻሉ ምክንያቱ ይፈለግ፦ ፊኛ ሞልቷል? ሆድ ደርቋል? አዲስ ክኒን ተጀምሯል (አሚትሪፕቲሊን፣ የጉንፋን ክኒን፣ ዳያዚፓም)? ትኩሳት አለ? መነጽራቸውና የጆሮ መስሚያቸው የት ነው? ሃሎፔሪዶል ካስፈለገ 0.5 ሚ.ግ. ይበቃል፤ ፓርኪንሰን ወይም ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት ሕመም ላለባቸው ግን በፍጹም።

---

ጉልበትና_ትራስ

የአካል ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ትንፋሽና ስለ ቆዳ ልበል።

ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ አቀማመጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትራስ ተደርጎ ወደ ፊት ደገፍ ብለው፣ ክንዳቸው ትራሱ ላይ አርፎ፣ ትከሻቸው ረግቦ ይቀመጡ። ቀጥሎ አነስተኛ ማራገቢያ ከፊት 15 ሳ.ሜ. ያህል ርቆ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር ዙሪያ ይነፈስ። ፊት ላይ የሚነካው ቀዝቃዛ አየር የፊትን ስሜት በሚያደርሰው ነርቭ (ትራይጀሚናል) በኩል የማፈን ስሜቱን ይቀንሳል። ደረት ላይ ወይም ከኋላ ማራገብ ይህን አይሰጥም። ኦክስጅን የደም ኦክስጅኑ በቂ ለሆነ ሰው ከማራገቢያ የበለጠ አይረዳም፤ ቱቦው ግን አፍ ያደርቃል፣ ሰውን ከአልጋ ያስራል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ከላይ የተባለው ትንሽ ሞርፊን ለትንፋሽም ሊረዳ ይችላል።

ቆዳ፦ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ግን ሙሉ በሙሉ በጎን አይደለም። ሙሉ በጎን ሲተኙ የዳሌው አጥንት ቆዳውን ይፈጨዋል። ጀርባ ሥር ትራስ ተደርጎ 30 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ይበሉ፤ በጉልበቶች መካከል ትራስ፣ ከባት ሥር ትራስ፣ ተረከዝ አየር ላይ። ሲገላበጡ ከተጎተቱ ቆዳው ይላጣል፤ አንሶላ አጥፎ ሥራቸው አንጥፎ ሁለት ሰው ያንሳ።

ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም። መጽሐፉ «ቀላ ያለውን ተጫኑና ነጭ ይሆን እንደሆነ እዩ» ይላል፤ እዚያ ላይ ቁስሉ ይከፈታል እንጂ ምልክቱ አይታይም። የእጅዎን ጀርባ ታፋውና ጅራት አጥንቱ ላይ ያድርጉ፦ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ጠቆር ያለ ወይም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተጀምሯል። ያንን ቦታ አያሹት፤ ማሸት ከሥሩ የተጎዳውን ሥጋ ይቀደዋል። ቀለበት ትራስም ዙሪያውን ደም ያስቆማልና ይቅር።

---

የቀስታ_ጠብታ

ለሚሸት የካንሰር ቁስል፦ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ተፈጭቶ ይነስነስበት። ሽታው የሚመጣው ያለ አየር ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነውና በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። የደረቀ ፋሻ አይላጥ፤ በዚያው ጨው ውሃ ይራስና ራሱ ይለቀቅ። ደም የሚያፈስ ቁስል ካለ ጥቁር ቀለም ያለው ፎጣ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ነጭ ፎጣ ላይ ትንሽ ደም ብዙ ይመስላል፣ ሁሉንም ያስደነግጣል።

---

ጀማሪ_መኮንን

አመሰግናለሁ። ስለ አፍ ማንም አልነካም፣ መቅረዝ7 መጀመሪያ ላይ ቢያነሳውም።

---

እህተ_ሌሊት

ልክ ነህ። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በፋሻ ይጠረግ፤ በጣም ከደረቀ በየ2 ሰዓቱ ይርጠብ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ሌሊት ይውጣ። ነጭ ነገር ከምላስ ተፍቆ ሥሩ ከቀላ ፈንገስ ነው፤ በተለይ ዴክሳሜታዞን የሚወስዱት ላይ። ኒስታቲን ሲሰጥ ጥርሱ ወጥቶ፣ አፍ ውስጥ አንከባሎ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳይጠጣ። ጥርሱ ራሱ ካልታከመ ፈንገሱ በሳምንት ይመለሳል። «ምግብ ጠሉ» ከተባሉት ውስጥ አፋቸው ያልታየ ብዙ ናቸው።

---

ጉልበትና_ትራስ

ምግብ ከተነሳ፦ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጭ ወደ ደረት ቀረብ ብሎ፣ በሻይ ማንኪያ፣ መዋጣቸው ታይቶ ቀጣዩ ይጎረስ፤ ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ። የመርሳት ሕመሙ በረታ ብሎ በአፍንጫ ወይም በሆድ ቱቦ መመገብ ዕድሜ እንደሚጨምር ወይም ወደ ሳንባ መግባትን እንደሚያስቀር ማስረጃ የለውም፤ ቱቦውን እንዳይነቅሉ ግን ብዙ ጊዜ እጃቸው ይታሰራል።

---

ብልቃጥና_ሚዛን

ቱቦው ቢቀርም፣ ፈሳሽን ግን ሙሉ በሙሉ «አይሰጥ» አይባል። በተቅማጥ ወይም በትኩሳት የደረቀና የቃዠ ሰው፣ የመጨረሻ ቀናቱ ላይ ካልሆነ፣ በቆዳ ሥር ፈሳሽ ይረዳዋል። ቀጭን የቢራቢሮ መርፌ ሆድ ወይም ጭን ላይ ይገባና መደበኛ ሳላይን በደቂቃ 1 ሚሊ ገደማ፣ በአንድ ቦታ በ24 ሰዓት እስከ 1 ሊትር ይንጠባጠባል። ለሚነቅሉ ሰዎች በትከሻዎች መካከል ጀርባ ላይ ይደረጋል።

---

የቀስታ_ጠብታ

በዚያ እስማማለሁ፣ ግን ጊዜ ይቆረጥለት፦ 48 ሰዓት ተሞክሮ ካልነቁ ይቆማል። በመጨረሻ ቀናት ፈሳሽ መጨመር እብጠትና የጉሮሮ ንፍጥ ያበዛል። ያን የሚያጓራ ትንፋሽ ሲሰሙ ቤተሰብ «እየታፈኑ ነው» ይላሉ፤ ታማሚው ግን ራሱን ስቷልና አይሰማውም፤ በጎን ማስተኛትና ማስረዳት ይቀድማል። ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ ካስፈለገ 20 ሚ.ግ. በቆዳ ሥር ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ የተጠራቀመውን አያደርቅምና።

ሌሊት የሚፈጠረውን ቀን ላይ ያዘጋጁት። መዋጥ ያቆመ ሰው ሞርፊኑ በቆዳ ሥር ሲሰጥ የአፉ ግማሽ ይሆናል። ይህ በወረቀት ካልተጻፈና መድኃኒቱ ቤት ካልተቀመጠ በ8 ሰዓት ሌሊት የሚጠራው አምቡላንስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይጠብቅ ነገር አለ፦ ካንሰር ያለበት ሰው ሲተኛ ወይም ሲያስል የሚብስ አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ጋር ካመጣ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሽንት እስኪታገድ አይጠበቅም። ዴክሳሜታዞን 16 ሚ.ግ. ተሰጥቶ የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይላክ።

---

መቅረዝ7

ተሸንፌያለሁ፤ ከረጢቱ ከጥያቄው ቀጥሎ ይሆናል፣ ሆድም በጣት ይታያል። አስታማሚን በተመለከተ ግን ማንም አልተቸኝም፤ ስለዚህ ራሴ ልጨምር። ብቻዋን ስትሆን «እንዴት ነሽ?» ከማለት «ባለፈው ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳሽ?» ማለት ይሻላል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የምናክመው ሁለት ሰው ነው፤ የሌሊት መድኃኒት ሰዓትም እንደ እሷ እንቅልፍ ይስተካከል። «አንቺ ባትኖሪ ማን ይተካሻል?» የሚለውም ዛሬ ይጠየቅ፣ እሷ ከወደቀች በኋላ አይደለም።

ታማሚውን ስለ ሕመሙ ሁኔታ የማነጋገር ነገርም አለ። «ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ነገሩዎት? ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለማን እንንገር?» ይህ ሲጠየቅ አንዳንዱ «ለልጄ ንገሩት» ይላል፤ ያም መልስ ነው፣ ይመዝገብ። ቤተሰብ በር ላይ «እንዳትነግሯቸው» ሲል «የፈለጉትን እጠይቃቸዋለሁ፣ ያልጠየቁትን አልነግራቸውም» ማለት ብዙ ጠብ ያበርዳል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ክትትሉ መቼ ይሁን? በወር አንዴ በጣም ሩቅ ነው።

---

እህተ_ሌሊት

መጠን በተቀየረ ቁጥር በ48 ሰዓት ውስጥ ስልክ ይደወል። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ሌሊቱን ተኙ? ሆድ ወጣ? ስንት ተጨማሪ ሞርፊን ተወሰደ? ለዚያ እንዲመች ከጠርሙሱ አጠገብ እርሳስና ወረቀት ይቀመጥ፣ በተሰጠ ቁጥር ሰዓትና መጠን ይጻፍ። ማንበብ የማትችል አስታማሚ ከሆነች ጠዋት በአንድ ጣሳ 6 ባቄላ ይደረግ፤ ተጨማሪ በተሰጠ ቁጥር አንድ ወደ ሌላ ጣሳ ይዛወር። ስንደውል የተዛወሩትን ትቆጥራለች። ከ4 በላይ ከሆኑ ደግሞ በስልክ አናስተካክልም፤ በዚያው ቀን ይኬዳል።